ቶሎ የሚታመመውን ጽጌረዳ ስጡኝ

ሌላዋ ሴት የባሏን ኮሌታ የምታሸተው ሽቶ ፍለጋ ነው። እኔ የማሸተው ድኝ ፍለጋ ነበር። ሳቁ፤ ግድ የለም። ባለፈው ወር ቦንጋ ገበያ ወርጄ በእርሻ መድኃኒት መደብሩ በኩል ሳልፍ፣ አንድ ወጣት ነጋዴ የድኝ ዱቄት ከኬሻ ወደ ፌስታል ሲገለብጥ አቧራው ቡን ብሎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ለሌላው ሰው የእከክ መድኃኒት ሽታ ነው። እኔ ግን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። "እማማ፣ ምን ሆኑ?" አለኝ ልጁ ደንግጦ። ምን ልበለው? ባሌን ቀብሬ ሦስተኛ ሙት ዓመቱን ካወጣሁ በኋላ፣ በዚህ ሽበቴ፣ "ቅናት ነው የያዘኝ" ብለው ማን ያምነኛል? "ደም ግፊት ነው ልጄ" አልኩት። ውሃ አመጣልኝ፤ ይባረክ።

ባሌ ገብሬ የግብርና ቢሮ ሰው ነበር፤ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ። የቡና ቅጠል ገልብጦ፣ የበቆሎ አገዳ ሰንጥቆ በሽታ የሚፈልግ። ትውልዱ ሺሺንዳ ነው። ዝምታውን ግን ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ሺሺንዳዎች እንኳ ወሬ ያውቃሉ። ሲገባ "እህ"፣ ሲወጣ "እሺ"፣ ወጡ ሲጣፍጠው አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ በቃ። ሰርግ ላይ "ተናገር" ቢሉት "እግዜር ይስጥልን" ብሎ የተቀመጠ ሰው ነው። እኔ ደግሞ አፌ የማያርፍ ሴት ነኝ። ለጓደኛዬ ለበላይነሽ ሁልጊዜ አማርርላት ነበር። በላይነሽ ቅቤ ነጋዴ ናት፣ ባሏ ጠጥቶ ሲገባ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ። "ዝም የሚል ባል ጸጋ ነው አንቺ! የእኔን ወስደሽ ሳምንት ሞክሪው" ትለኛለች። እስቃለሁ። ግን ሴት ባሏ ሲያወራላት ምን እንደሚመስል ማወቅ ያምራት የለ?

ያ ዘመን እንዴት ያለ ነበር! መንግሥት ተቀይሮ፣ ክልል የሚባል ነገር መጥቶ፣ የቢሮው ሁሉ ታፔላ ቀለሙ ሳይደርቅ እንደገና የሚጻፍበት ጊዜ። ከየአገሩ የተመደበ መምህርና የቢሮ ሠራተኛ የስፖንጅ ፍራሹን አውቶቡስ ጣራ ላይ ጭኖ ይመጣል፤ ሲወርድ የመጀመሪያ እርምጃው ጭቃ ውስጥ ነው፣ ጫማውን እየጎተተ "እዚህ አገር ዝናቡ መቼ ነው የሚያቆመው?" ይላል። ሰፈርተኛው "ገና አሁን የመጡት? ለጥምቀት ትንሽ ያርፋል" ይለዋል። አስፋልት የለም። ከመናኸሪያው ማዶ ካለችው ካሴት ቤት ድምፅ ማጉያው ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዘፈን ይደጋግማል፤ እኔ በዚያ ምት የስፌት መኪናዬን እረግጥ ነበር፣ ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቴም ይፈጥናል። የሴቱ ጃኬት ትከሻው ላይ ስፖንጅ ካልገባበት አይለበስም፤ ቀጫጫዋም እንደ ወታደር ትሆናለች። ሽንሽን ጉርድ፣ ከቦንዳ የወጣ የሐር ሻሽ። ዛሬ ሻይ በሚጠጣበት ብር ያን ጊዜ ዶሮ ይገዛ ነበር፣ ያውም ሻጩ "እግሯን ይዤ ልሸኝሽ" እያለ። አሁን ያ ካሴት ቤት የሞባይል ጥገና ሆኗል። ሲያልፉበት ዝም ይላል።

በዚያን ጊዜ ቦንጋ ውስጥ ጽጌረዳ ማለት አንድ ዓይነት ነበር። ሐመር ሮዝ፣ አበባው ትንሽ፣ እሾሁ ብዙ፣ ሽታው ግን ከመንገድ የሚጠራ። በየአጥሩ አለ። ማንም አይንከባከበውም፣ ጉሙም ዝናቡም አይነካውም፣ ፍየል በልታው እንኳ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ጽጌረዳ ይታመማል ብሎ የነገረን ቢኖር ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ባለ የዋህ ከተማ ውስጥ ነው ሲስተር ሮማን የመጣችው።

ሲስተር ሮማን ለጤና ጣቢያው የተመደበች ነርስ ናት። ከደብረ ዘይት። ከእኛ አጥር ማዶ ያለውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች፤ የእኔ የስፌት መኪና በመስኮቱ በኩል ስለነበረች ስትገባም ስትወጣም አያታለሁ። ያላገባች፣ ረዘም ያለች፣ ጂንስ ሱሪ የምትለብስ። ነጭ ጋውኗን ስትለብስ ደግሞ ከመላእክት ወገን ትመስላለች፣ ውሸት ምን ያደርጋል። ከዕቃዋ ሁሉ በፊት ከአውቶቡሱ ያወረደችው በእርጥብ ጋዜጣ የተጠቀለሉ የጽጌረዳ ችግኞች ነበር። ተተክለው ሲያብቡ ደም የመሰለ ቀይ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ግንድ ያለው ነጭ፣ የብርቱካን ቀለም ያለው፤ አንዱ አበባ የሕፃን ራስ የሚያክል! ሰዉ ከቅዳሴ ሲመለስ አጥሯ ሥር ቆሞ ያያል። ሙሽራ የሚያወጣ ሁሉ እሷን ይለምናል። የእኛ የድሮው ጽጌረዳ በአንድ ጊዜ አረም ሆነ። ያኔ ገና ለአበባው ብቻ ነበር የምቀናው። ቅናቱ ገና ጥርስ አላወጣም።

ክረምቱ ሲገባ ግን ያ የደብረ ዘይት ፀሐይ የለመደ ጽጌረዳ ቅጠሉ ጥቁር ጥቁር ነጥብ እያወጣ ይነቁር ጀመር። አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሲስተር ሮማን ናት፣ ቅጠል በእጇ ይዛ።

"እንደምን አደሩ እትዬ ታደለች። ጋሼ አሉ? የዕፅዋት ሐኪም ናቸው ሲሉ ሰምቼ ነው።"

የዕፅዋት ሐኪም! እኔ ባሌን ሐኪም ብዬው አላውቅም። ገብሬ ፊቱን ሳይታጠብ ወጣ፣ ቅጠሉን ተቀበላት፣ ወደ ብርሃን አዞረው። ከዚያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አወራ!

"ይኼ ጥቁር ነጠብጣብ ነው ሲስተር። አየሽው ዳርና ዳሩ እንደ ጠጉር ተንጨፍርሯል? ክቡን ተከትሎ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይረግፋል። በውሃ ፍንጣቂ ነው የሚዛመተው። የረገፈውን ልቀሚና አቃጥዪ፣ መሬት ላይ ከተውሽው ለከርሞ ይጠብቅሻል። ይኼ ከላይ ዱቄት የመሰለው ደግሞ ሌላ ነው፣ አመዳይ ነው፤ እሱን ድኝ ይይዘዋል።"

በሩን ተደግፌ ቆሜ ቀረሁ። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ከዚያ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ያን ዕለት ነው ቅናቱ ጥርስ ያወጣው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሆነ። "ወዴት ነህ?" ስለው "ቅጠል የሚታየው ጤዛው ሳይለቅ ነው" ይላል። ተመልሶ ሲገባ ድኝ ድኝ ይላል። አንድ ቀን ድኙን የሚያራግፍበትን ነገር በኪሱ አገኘሁት፤ የሴት ስቶኪንግ! ውስጡ ዱቄት ተሞልቶ ጫፉ ታስሯል።

"ይኼ የማን ነው?" አልኩት።

"የሲስተር ነው። ተቀዶባት ነው። ዱቄቱን አጥልሎ እኩል ያወርደዋል።"

"የእኔስ ካልሲ አያወርድም?"

"ያንቺ ወፍራም ነው" አለኝ፣ የጨርቁን ነገር እያሰበ። ይኼን ለበላይነሽ ብነግራት ቅቤዋን ትታ መሬት ላይ ተንከባለለች። እኔ አልሳቅሁም። "እስቲ አንቺው ሂጂና እዪ" አለችኝ እንባዋን ጠርጋ። "ታመመ የሚባለው ጽጌረዳው ከሆነ እሰየው። ባልሽ ከሆነ ደግሞ ሳይብስ ይታወቅ።"

እውነቷን ነው ብዬ አንድ እሑድ ጠዋት የሲስተርን ጋውን አዝራሩን ሠርቼ ያዝኩና ተከትዬው ገባሁ። ሁለቱም ቀዩ ጽጌረዳ ሥር ቁጢጥ ብለዋል። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ገብሬ ማጉያ መነጽሩን ይዞ ያወራል፣ ስለ ቅጠል መስሎኝ ጆሮዬን አቀናሁ። ስለ ቅጠል አይደለም። ሺሺንዳ ልጅ ሳለ የአባቱ እንሰት በሙሉ በአጠውልግ በሽታ እንዴት እንዳለቀ ነው የሚነግራት። ጠዋት ተነሥቶ ጓሮ ሲወጣ ትልቁ ሰውዬ፣ አባቱ፣ የወደቀ እንሰት ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ እንዳገኘው። ልጅ አይቶኛል ብሎ ፊቱን በኮባ ቅጠል እንደሸፈነ። "ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ቅጠል ማየት የጀመርኩት" አላት።

አማቼን እኔ አውቃቸዋለሁ። እግራቸውን አጥቤያለሁ፣ ሲሞቱም ደረቴን መትቻለሁ። ማልቀሳቸውን ግን አላውቅም ነበር። ባሌ ለምን ቅጠል እንደሚያይ አላውቅም ነበር። ይኼን ሁሉ ዘመን አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ ያን ታሪክ የሰማሁት በአጥር ማዶ ሴት ትከሻ ላይ ተንጠልጥዬ ነው።

ሲስተር ዘወር ስትል አየችኝ። "ውይ እትዬ፣ ይግቡ እንጂ! ኑ እስቲ እርስዎም ይዩት" ብላ ማጉያውን ከእጁ ወስዳ ሰጠችኝ። አየሁ። ቅጠሉ ነቁሯል፣ ጀርባው ላይ ክሽክሽ የሚሉት ደቃቃ ተባይ ይርመሰመሳል፣ ቡቃያው አመድ ለብሷል። በእውነት ታሟል! ምነው ውሸት በሆነ ኖሮ! ውሸት ቢሆን እጮህ ነበር፣ ጸጉሯን እይዝ ነበር፣ ሽማግሌ እሰበስብ ነበር። በእውነት የታመመ ጽጌረዳ ላይ ምን ተብሎ ይከሰሳል? ጋውኑን ሰጥቻት "ይማርልሽ" ብዬ ወጣሁ። ለጽጌረዳ ይማርልሽ ያልኩ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ብዙ አሰብኩ። የእኛ ቤት ጽጌረዳ ችግሩ ጤነኛነቱ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል፤ የማይታመም አበባና የማትታመም ሚስት ማን ዞር ብሎ ያያል? እሾህን በሾህ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም አልኩና፣ ገብሬ የቡና በሽታ ተነሣ ተብሎ ለመስክ ወደ ቢታ ገነት በወጣ ሰሞን፣ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ጅማ ወረድኩ።

ጅማ መንገድ ዳር፣ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ችግኝ በወተት ጣሳ ደርድረው የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ኮፍያቸውን ገፋ አድርገው አንድ በአንድ አስጎበኙኝ። "ይኼ ቀዩ ጠንካራ ነው። ይኼ ነጩ ለዝናብ አገር ይስማማል፣ ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ ወዙን እዪው፣ ወዝ ያለው ቅጠል ውሃ አይዝም። ከየት ነሽ?"

"ከቦንጋ።"

"እንግዲያው ነጩን ውሰጂ። ዕድሜ ልክሽን አይታመምብሽም።"

"አይ አባቴ፣ የሚታመመውን ነው የምፈልገው።"

"ምን አልሽ?"

"ቶሎ የሚታመመውን ስጡኝ። በጣም የሚታመም። መድኃኒት ሲደረግለት የሚድን፣ ግን ተመልሶ የሚታመም።"

ሽማግሌው አዩኝ። መቼም አበባ ሻጭ ብዙ ያያል። ከኋላ ጎንበስ ብለው አንድ ቢጫ አወጡ፣ ቅጠሉ የሳሳ፣ አበባው ግን እንደ ቅቤ የሚያበራ። "ይኼ ነው። ቢጫ ሁሉ ደካማ ነው፣ ይኼ ደግሞ ደመና ሲያይ ያተኩሰዋል። አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ያሉ ሴትዮ በንዴት መልሰውልኝ ነው" አሉና ቆየት ብለው፣ "ባልሽ ምን ይሠራል ልጄ?" አሉኝ። አልመለስኩላቸውም። ዋጋውን ግን ቀነሱልኝ።

ቦንጋ ተመልሼ የት ተከልኩት? ግቢያችን ያለው ዋንዛ ጥላ ሥር ነዋ! በዚህስ ተንኮል የለኝም፣ እግዜር ያውቃል። እኛ ካፋዎች የተከበረ ነገር ጥላ ሥር ነው የምንተክለው። ቡናው ጥላ ሥር፣ ኮረሪማው ጥላ ሥር ነው፤ ፀሐይ ላይ የሚወጣው የሚሰጣ በርበሬ ነው። ያን የመሰለ ቢጫ ሙሽራ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነውር መሰለኝ። ጽጌረዳ ፀሐይና ንፋስ ካላገኘ እንደሚሞት፣ ከዋንዛ ቅጠል የሚንጠባጠብ ውሃም ለበሽታው ድግስ እንደሆነ እኔ ምን አውቄ። ደካማውን ወስጄ ከደካማ ቦታ ተከልኩት። ገብሬ ከመስክ እስኪመለስ ድረስ ያለ የሌለው በሽታ ሁሉ ተሰብስቦበት ጠበቀው። አንድ ጠዋት የመጀመሪያውን ጥቁር ነጥብ ሳይ እልል ማለት ቃጣኝ።

ገብሬ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ነው ያየው። "ይኼን ማን መረጠልሽ? የታወቀ በሽተኛ እኮ ነው!"

"ቀለሙን ወድጄው ነው" አልኩ።

ጎንበስ አለ። ማጉያውን አወጣ። እኔም ከጎኑ ቁጢጥ አልኩ። እንዲህ ነው መታደል! ከዚያ ወዲህ ጤዛው ሳይለቅ የሚነቃው ለእኔ ጽጌረዳ ሆነ። እያወቅሁ "ይኼስ ምንድን ነው?" እላለሁ፤ እሱ ያስረዳል። ዋግ ከሆነ ከሥር ብርቱካናማ ዱቄት እንዳለው፣ ክሽክሽ ካለ ጉንዳን ግንዱ ላይ እንደሚወጣ፣ መቁረጫውን ከአንዱ ወደ ሌላው ከመውሰድ በፊት በእሳት ማሳለፍ እንደሚገባ። ድኙን በእኔ ሻሽ ቁራጭ ቋጠርንለት። የስፌት ደንበኞቼ በር ላይ ቆመው ይጠብቁ፣ ግድ የለኝም። አንድ ቀን ስለ አባቱ ይነግረኛል ብዬ በየጠዋቱ እጠብቅ ነበር። ልጠይቀው ደግሞ ኩራቴ አልፈቀደም፤ ብጠይቀው ካጥር ማዶ መስማቴን መናዘዝ ይሆናል። እሱ ስለ ቅጠል ብቻ ያወራል። ይሁን፣ ቀስ በቀስ ይመጣል አልኩ።

አልመጣም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? በዚያው ክረምት የሲስተር ቀይ ጽጌረዳ ባሰበት፤ ቅጠሉን ጨርሶ ጣለ። ገብሬ አጥሩ አጠገብ ቆሞ ወዲህ አየ፣ ወዲያ አየ፣ ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ጣቱን አርጥቦ ለካ። ምንም አላለኝም። እኔ ገበያ ውዬ ስመለስ ቢጫዬ ከነሥሩ ተነቅሎ ዋንዛው ሥር ተጋድሟል፣ እሱ ዶማውን ይዞ ቆሟል፣ እሳት ለኩሷል።

"ምን አደረግክ?"

"ምንጩ እሱ ነው። ካልተቃጠለ የሁሉንም ይጨርሳል። የሲስተር ጽጌረዳ ሊሞት ነው።"

"እና የእኔን ነቅለህ የእሷን ታድናለህ?"

"ይኼ የሚድን አይደለም ታደለች። ጥላ ሥር ነው፣ ዘሩም ደካማ ነው..."

"ዘሩ ደካማ መሆኑን አውቃለሁ!" ብዬ ጮህኩ፤ ካሴት ቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። "እንዲታመም ብዬ ነው የገዛሁት! ጅማ ድረስ ሄጄ በሽተኛውን ስጡኝ ብዬ ለምኜ! አንተ ቤትህ ውስጥ እንድትቀመጥ! ከእኔም ጋር እንድታወራ! ለእሷ ወሬህን፣ ለእኔ ዝምታህን! ምን በደልኩህ?"

ገብሬ ዶማውን ጥሎ ቢጫውን ከነሥሩ በእጁ አንጠልጥሎ ቆመ። አፈሩ ጫማው ላይ ይረግፋል። መቼም ያን ጊዜ ያየኝ አስተያየት፣ አንድ የማያውቀው በሽታ እንዳገኘ ሰው ነበር። "እዚያ ሥራ ነው" አለ። "ሰው ሲጠይቀኝ እናገራለሁ። አንቺ ጋ ስገባ አርፋለሁ። አርፌ ዝም የምለው ከአንቺ ጋር ብቻ ነው።"

ይኼን ሌላ ሴት ብትሰማ ምናልባት ትቀልጥ ይሆናል። በላይነሽ ስነግራት "ውይ፣ እንዴት ያለ ነገር ተናገረሽ!" ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ግን ዝምታ ምን ያደርግልኛል? አይለበስ፣ አይጎረስ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ገና ድረስ አኮረፍኩት። ችግሩ፣ ዝምተኛን ሰው ሲያኮርፉት ልዩነቱ አይታወቅም።

ብዙ ሳይቆይ ሲስተር ሮማን ወደ አገሯ ዝውውር አገኘች። እልል አልልም፣ ነውር ነው፤ ግን ያን ሰሞን ስፌቴ ሁሉ ቀጥ ያለ ነበር። ልትሄድ ስትል መጥታ እጄን ያዘች። "እትዬ፣ ጽጌረዳዎቹን ለእርስዎ ነው የምተውላቸው። የቤቱ ባለቤት ነቅሎ ሽንኩርት ሊተክልበት ነው። እርስዎ ጋ ይኑሩልኝ።" ከገብሬ ፊት ነው። እንቢ ልበል? ገብሬ በዚያው ቅዳሜ ከነአፈራቸው አውጥቶ የእኛ ግቢ ተከላቸው፣ ፀሐይ ላይ፣ አራርቆ፣ ንፋስ እንዲያልፍባቸው። ቀዩን ከመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት! ለምን እዚያ ስለው "የጠዋት ፀሐይ ቶሎ የሚያገኘው እዚያ ነው፣ ጤዛው ይደርቅለታል" አለኝ። ሁልጊዜ መልስ አለው፣ ሁልጊዜም ትክክል ነው። እኔን ያቃጠለኝ ይኼው ነው።

እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ የዚያች ሴት ጽጌረዳ ውሃ አጠጥቻለሁ። የቡና ገለባ አልብሻለሁ፣ ደረቁን ቆርጫለሁ፣ የስንቱ ሙሽራ መኪና በእሱ አጊጧል። ልጆቻችን አድገው ከቤት ወጡ፣ ገብሬ ጡረታ ወጣ፣ አስፋልቱ መጣ። እሱ በየጠዋቱ ጤዛው ሳይለቅ ቀዩ ሥር ይቆማል። ቅጠሉን ነው የሚያየው፣ ወይስ እሷን? ብዬ ከመስኮት አያለሁ። መጨረሻ ላይ አልጋ ሲይዝም ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚለው "ቀዩ እንዴት አደረ?" ነው። እኔ ጎኑ ተቀምጬ ሳልተኛ አድሬአለሁ። እንዴት አደርሽ ያለኝ የለም።

አንድ ከሰዓት ደከም ብሎት ወደ መስኮቱ እያየ ሳለ በራሱ ጊዜ መናገር ጀመረ። "ያ እንሰት ያለቀ ጊዜ፣ አባባ..." አለ። ጠጋ አልኩ። ስንት ዘመን የጠበቅሁት! ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ መለሰና "ነግሬሻለሁ አይደል?" አለኝ።

እንደነገረኝ ያምናል። ለእሱ ለእኔ መንገርና ከእኔ ጋር ዝም ማለት አንድ ነበር መሰለኝ። አልነገርከኝም ልበለው? ለእሷ ነው የነገርካት ልበለው፣ በዚያ አልጋ ላይ?

"ነግረኸኛል" አልኩት።

"እህ" አለና ዓይኑን ጨፈነ። ታሪኩንም እዚያው ተወው።

ድኙ ከሸተተኝ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የግቢዬ በር ተንኳኳ። ጸጉሯ ግማሹ ነጭ የሆነ፣ ወፈር ያለች ሴት ቆማለች። በፈገግታዋ ነው የለየኋት፤ ሲስተር ሮማን! ሚዛን ከተማ የምትሠራ ልጅ አለቻት፣ እሷን ልታይ ስትሄድ ቦንጋን ሳታይ ማለፍ ከብዷት ወረደች። ተቃቀፍን። ትከሻዬ ላይ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ዘወር ብላ ቀዩን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አሁንም አለ! ጋሼ ናቸው እንዲህ የያዙት! የት ናቸው ጋሼ?"

አፌን ከፈትኩ። መርዶ መንገር አውቅበታለሁ፤ ስንት ቤት አርድቻለሁ። ብነግራት ግን ምን እንደሚሆን ታየኝ። መሬት ላይ ቁጭ ትላለች፣ ታለቅሳለች፣ እኔ ጎንበስ ብዬ "እግዜር ያጽናሽ" እላታለሁ። በእኔ ባል! ያወራላትን ሁሉ እያነሣች ሙሾ ታወርዳለች፣ እኔ የማላውቀውን እያንዳንዱን ነገር። ለቅሶው እንኳ የእኔ ብቻ ይሁን እንጂ!

"ደህና ነው" አልኩ። "ለመስክ ወጥቷል፣ ቢታ ገነት።"

"በዚህ ዕድሜያቸው? እስካሁን ይሠራሉ?"

"ቡናው ታመመ ብለው ለመኑት። እሱን ታውቂው የለ።"

ሳቀች። "አውቃቸዋለሁ። ስለ አባታቸው የነገሩኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ያ እንሰቱ ካለቀ በኋላ ያደረጉትን..."

ካለቀ በኋላ! ለካ ቀጣይ አለው። እዚሁ እግሬ ሥር ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ብጠይቃት ትነግረኛለች። ስንት ዘመን የፈለግሁትን፣ ገብሬ ሳይጨርስልኝ የሄደውን። ግን ባሌን ከሌላ ሴት አፍ ልስማው?

"አውቀዋለሁ" አልኳት። "ነግሮኛል።"

አውቶቡሷ እንዳያመልጣት ተሰናበተችኝ። በሩ ላይ ቆማ "ጋሼን አደራ ሰላም በሉልኝ። ሮማን መጥታ ነበር በሏቸው። በጣም በጣም ሰላም ብላሃለች በሏቸው" አለች። "እሺ፣ እነግረዋለሁ" አልኳት።

በየእሑዱ ቅዳሴው ሲያልቅ መቃብሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ሁሉን እነግረዋለሁ፤ የቡናውን ዋጋ፣ የበላይነሽን ጉልበት፣ ልጆቹ የደወሉትን፣ የትኛው ቅጠል እንደነቆረ። እሱ እንደ ልማዱ ዝም ነው፣ እኔም አሁን አሁን ቅር አይለኝም። የእሷን ሰላምታ ግን እስከ ዛሬ አላደረስኩም።